ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ከስሙ በፊት እጁን ይመልከት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ለቤታቸው ወይም ለሱቃቸው ጥበቃ ሲሉ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ለረጅም ዓመታት በታጣቂ ጥበቃነት ሠርቼ ዛሬ በአንድ የተኩስ መለማመጃ ስፍራ ጀማሪዎችን ስለማግዝ፣ «ግሎክ ይሻላል ወይስ ቤሬታ?» የሚለው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይቀርብልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ሰው መልሱን የሚፈልገው በስምና በዝና ውስጥ ስለሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያመዛዝናቸው ይገባል የምላቸውን ነገሮች በዚህ ደብዳቤ ለመግለጽ እወዳለሁ። መሣሪያ ቤት ውስጥ መኖር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው የየቤተሰቡ ውሳኔ በመሆኑ እዚህ አልገባበትም።

በኪስ ወይም በቦርሳ ከሚያዙት ትንንሾቹ የሚለዩትና ሙሉ መጠን ያላቸው ከሚባሉት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦች ውስጥ፣ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሯቸው የኦስትሪያውን ግሎክ 17፣ የጣሊያኑን ቤሬታ 92 ኤፍ ኤስ፣ የቼኩን ሲ ዜድ 75 ቢ፣ እንዲሁም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ 9ንና ሲግ ሳወር ፒ 320ን ነው። በተለመደው ሞዴላቸው ሁሉም የሚጎርሱት 9 በ19 ሚሊሜትር የሚባለውን ጥይት ነው። አገር ቤት በስም የምናውቀው ማካሮቭ 9 በ18 ስለሚጎርስ የአንዱ ጥይት ለሌላው እንደማይሆን በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።

እነዚህ ሽጉጦች በአስተማማኝነት ረገድ የሚያሳፍሩ አይደሉም። ግሎክ 17ን የኦስትሪያ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ቤሬታው በ1985 ኤም 9 ተብሎ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ከሆነ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ አገልግሏል፤ በ2017 ጦሩ በምትኩ የመረጠው ኤም 17 ደግሞ ከፒ 320 የተወለደ ነው። የሲ ዜድ 75 አሠራርም በጣሊያን፣ በእስራኤልና በቱርክ ፋብሪካዎች ጭምር ተቀድቷል። ስለዚህ «የትኛው ነው ጥሩ?» ብሎ መጠየቅ ገዢውን ሩቅ አያደርሰውም፤ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው በራሱ እጅ በትክክል እንደሚሠራለት ነው።

አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ ቶሎ የሚነሳው የጥይት ብዛት ነው። ግሎኩና ኤም ኤንድ ፒው 17፣ ሲ ዜዱ 16፣ ቤሬታው 15 ይይዛሉ። በሜሪላንድ ግን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚኖር ገዢ በ17ና በ15 መካከል ሲከራከር የሚውለው በከንቱ ነው።

እጅን በሚመለከት ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ባዶነቱ የተረጋገጠ ሽጉጥ በትክክል ሲያዝ አፈሙዙ ከክንድ አጥንት ጋር በአንድ መስመር መቆም፣ የሌባ ጣት ጫፍ ሥጋም የእጁን አያያዝ ሳያዛባ ምላጩ ላይ በምቾት ማረፍ አለበት። እጀታው ወፍራም፣ ምላጩም ሩቅ ከሆነ ሰውዬው ሳያውቀው መዳፉን ያዞራል፤ ጥይቱም ወደ ጎን ይሄዳል። በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት ወደምሠራበት ስፍራ መጡ። ባልየው ወታደሮች ሲይዙት ስላየው ቤሬታ እንዲገዛ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። ሚስቱ ተከራይተው ያመጡትን ቤሬታ ስትይዝ ምላጩ ላይ የደረሰው የጣቷ ጥፍር አካባቢ ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያውን ጥይት ለመተኮስ ስትጎትት አፈሙዙ ሲያዘቀዝቅ ከጎኗ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጥይቱም ከወረቀቱ ግርጌ ወረደ። ከዚያ ኤም ኤንድ ፒውን ትንሹን የእጀታ ጀርባ ገጥመን ሰጠናት። በዚያው ርቀት የተኮሰቻቸው ጥይቶች በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ተሰበሰቡ። ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት የተለየ ችሎታ አላገኘችም፤ የተለወጠው እጀታው ብቻ ነው። ኤም ኤንድ ፒውና የቅርብ ጊዜዎቹ ግሎኮች የእጀታቸውን ጀርባ እንደ እጅ መጠን ለመለወጥ ያስችላሉ፤ የፒ 320 የእጀታ አካል ደግሞ በሙሉ ተነስቶ በሌላ መጠን ይተካል።

የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ጥይት ማጉረስም ለብዙዎች ከባድ ነው፤ በተለይ ለአረጋውያንና የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው። የሲ ዜድ 75 ተንሸራታች በሽጉጡ አካል ውስጥ ገብቶ ስለሚሄድ ጣት የሚይዘው ብረት ጥቂት ነው፤ የቤሬታው ደግሞ ሴፍቲው፣ ማለትም ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ማንሻ፣ እዚያው ተንሸራታቹ ላይ በመሆኑ፣ ሲሳብ ሳይታወቅ ወደ ታች ወርዶ ሽጉጡን ሊቆልፈው ይችላል። በዚህ በኩል ግሎክና ኤም ኤንድ ፒ ቀላል ናቸው። የማይቻለው ሰው ጠንካራ እጁን ወደ ፊት እየገፋ ሌላውን ወደ ኋላ ቢስብ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል።

ሁለተኛው ዐቢይ ጉዳይ የምላጩ ጠባይ ነው። ቤሬታውና ሲ ዜዱ ከኋላቸው የሚታይ፣ ጥይቱን ለማስነሳት የሚመታ መዶሻ አላቸው። የቤሬታው መዶሻ ወርዶ ሳለ የመጀመሪያው ጥይት የሚተኮሰው ረጅምና ወደ 5 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ጉልበት በመጎተት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተንሸራታቹ ራሱ መዶሻውን ስለሚያነሳው ቀጣዮቹ አጭርና ቀላል ይሆናሉ። ይህ ማለት ገዢው በአንድ ሽጉጥ ሁለት ዓይነት አጎታተት መልመድ አለበት ማለት ነው፤ ተኩሶ ሲጨርስም በሴፍቲው መዶሻውን ማውረድ መርሳት የለበትም። ሲ ዜድ 75 ቢ ይህ መዶሻ ማውረጃ የለውም። ጥይት ጎርሶ ሳለ መዶሻውን ማውረድ የፈለገ ሰው ምላጩን እየጎተተ በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ መመለስ ግድ ስለሚሆንበት፣ ለጀማሪ ጨርሶ አልመክረውም፤ ሲ ዜዱን የወደደ ሰው ማውረጃ ያለውን ቢ ዲ የተባለውን ሞዴል ይፈልግ።

ግሎክ፣ ኤም ኤንድ ፒና ፒ 320 በውጭ የሚታይ መዶሻ የላቸውም፤ ምላጫቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ለመማር ይቀላል። ነገር ግን ግሎክ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም። ምላጩ መካከል ያለችው ትንሽ ማገጃ የምትከላከለው ሽጉጡ ቢወድቅ ወይም ምላጩ ከጎን ቢነካ ነው፤ ምላጩን በሙሉ የሚገፋው ጣት የአዋቂም ይሁን የሕፃን ለእርሷ አንድ ነው። የሸሚዝ ጫፍ እንኳ ገብቶ ሊገፋው ይችላል። ስለሆነም ግሎክ የሚገዛ ሰው ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት አብሮ ካልገዛ ግዢው ጎዶሎ ነው። ሴፍቲ ካልተቆለፈ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ኤም ኤንድ ፒውንም ሆነ ፒ 320ን ከነሴፍቲው ማግኘት ይችላል፤ ይህን መፈለግም ድክመት አይደለም።

ሰዎች ሲያወዳድሩ የማይጠይቁት፣ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ሽጉጡ ለጽዳት እንዴት እንደሚፈታ ነው። ግሎክን ለመፍታት ምላጩን መጎተት የግድ ነው። ካዝናውን ካወጣ በኋላ ሽጉጡ ባዶ የሆነ የሚመስለው ሰው፣ አንድ ጥይት ጎርሶ እንደቀረ ሳያይ ከጎተተ ሳሎኑ ውስጥ ይተኩሳል። ካዝና ማውጣት ብቻውን ሽጉጥን ባዶ አያደርግም፤ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ስቦ፣ የጎረሰው ጥይት ሲወጣ አይቶ፣ ቦታውንም በጣት ጭምር ዳስሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቤሬታና ፒ 320 ምላጩ ሳይነካ ይፈታሉ፤ ኤም ኤንድ ፒውም ለዚህ የምታገለግል ትንሽ ማንሻ አለችው። ቤት ውስጥ ልጆች ላሉትና በጽዳት ሥራ ለሚቸኩል ሰው ይህ ልዩነት ከማንኛውም ዝና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ክብደትን በአጭሩ፦ ባዶ ግሎክ 17 ከ600 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ሲ ዜዱ ብረት በመሆኑ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከባዱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ግፊት ስለሚያለዝብ ቤት ለሚቀመጥ ሽጉጥ ክብደት ጉዳት የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ወገቡ ላይ ታጥቆ ለሚቆም የጥበቃ ሠራተኛ ግን ይከብዳል። ያገለገለ ፒ 320 የሚገዛ ሰው ደግሞ፣ በ2017 ሽጉጡ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል የሚል ስጋት ተነስቶ ኩባንያው በፈቃደኝነት የማሻሻያ ጥገና መጀመሩን ሊያውቅና ማሻሻያው መደረጉን ሊያረጋግጥ ይገባዋል። ምላጭ ሳይነካ ተኩሷል በሚል በፍርድ ቤት የቀረቡ ክሶችም እንዳሉ፣ ኩባንያውም እንደሚያስተባብል አውቆ መወሰን የገዢው ድርሻ ነው።

ከሕጉ ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮች በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አዘውትረው ይሳታሉ። ከፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት የሞላው መሆንና ስለ ገዢው የሚጠይቀውን የፌዴራል ቅጽ 4473ን በራስ ስም መሙላት ያስፈልጋል፤ አረንጓዴ ካርድ ያለው ሰው ሊገዛ ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ለወንድም ወይም ለጓደኛ ውለታ ብሎ ያ ሰው ሊወስደው የፈለገውን ሽጉጥ በራስ ስም መግዛት የፌዴራል ወንጀል ነው። ወደ አገር ቤት በሻንጣ ይዞ መሄድን ማሰብም አይገባም፤ ከአሜሪካ ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጉዳዩን በጥብቅ ይቆጣጠራል።

የእኔን ምርጫ ለሚጠይቀኝ፣ እምብዛም ለማይለማመድ ጀማሪ ሴፍቲ ያለውን ኤም ኤንድ ፒ እመርጣለሁ፤ አዘውትሮ ለሚለማመድና አፎት ለሚጠቀም ሰው ግሎክ 17 ይበቃዋል፤ ቤሬታውን የማስበው እጁ ትልቅ ለሆነና ሁለቱን ዓይነት አጎታተት በትዕግሥት ለሚማር ሰው ነው። ማንም ቢሆን ግን ተከራይቶ በየአንዳንዱ ሳይተኩስ አይግዛ። የኪራዩና የጥይቱ ወጪ ተስማሚ ያልሆነ ሽጉጥ በኪሳራ ከመሸጥ ይቀላል፤ እኩል ከተስማሙት ሽጉጦች ርካሹን በመምረጥ የሚተርፈውን ገንዘብም ለብረት ሣጥን ያውለው።

ጋዜጣችሁ የቅጽ 4473ን ጥያቄዎችና በሜሪላንድ ከግዢ በፊት የሚያስፈልገውን የሽጉጥ ብቃት ፈቃድ በአማርኛ እያብራራ ቢያወጣ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ወላጆች በደላላ ቃል ከመመራት ይድናሉ። የሕጉን ክፍል የሕግ ባለሙያ ቢጽፈው ይመረጣል፤ የመሣሪያውን አሠራር የሚመለከተውን ክፍል ያለ ክፍያ ለመጻፍ እኔ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ