ጣምራ ማስተርስ ለምታስቡ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? «አርክቴክቸርንና የከተማ ፕላንን አንድ ላይ መማር ያዋጣል ወይ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

አሜሪካ ውስጥ የኮሎምቢያ፣ የበርክሌይና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱን ማስተርሶች በጣምራ ይሰጣሉ። ከሌላ ሙያ ለሚመጣ ሰው አርክቴክቸሩ ለብቻው 3 ዓመት፣ ፕላኑ 2 ዓመት ይፈጃል። አንዳንድ ኮርሶች ለሁለቱም ስለሚቆጠሩ ግን 5 የነበረው ብዙውን ጊዜ 4 ይሆናል። የአንድ ዓመት ክፍያ ማትረፍ በአሜሪካ ዋጋ ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማመልከቻው ላይ ነው። ሁለቱ ትምህርት ክፍሎች ተማሪ የሚመርጡት በየፊናቸው ስለሆነ፣ አንዱ ተቀብሏችሁ ሌላው ሊመልሳችሁ ይችላል። አርክቴክቸሩ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የዲዛይን ሥራዎቻችሁን ስብስብ፣ ያያል። ፕላኑ ግን ስለ መሬት፣ ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ትራንስፖርት ምን እንደምታስቡ ማንበብ ይፈልጋል፤ ያማረ ሬንደር (በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ምስል) ብቻውን አያሳምነውም። ያንኑ ድርሰት ለሁለቱም እንዳትልኩ፣ አደራ!

አገር ቤት 5 ዓመት አርክቴክቸር የተማራችሁ ደግሞ የሚቆጠርላችሁ ኮርስ ካለ ዩኒቨርሲቲውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፖርትፎሊዮአችሁን እንድመለከትላችሁ የምትፈልጉ እስከ እሑድ ላኩልኝ። ከ10 ሜጋባይት ግን አይብለጥ፤ ስልኬ አሮጌ ነው።