የነርቭ ትምህርት ከክርን ይጀመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በአንባብያን ገጻችሁ ላይ አንድ የሕክምና ተማሪ የጻፈውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የነርቭ ሥርዓት አናቶሚ (የአካል አወቃቀር ትምህርት) ከሚገባው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ፣ አብዛኛው ዝርዝር ለነርቭ ስፔሻሊስቶች ቢተው እንደሚሻል፣ የቀረውም እየዞረ በሚታይ የኮምፒውተር ምስል ቢሸፈን እንደሚበቃ ይከራከራል። ሐረር ላይ ሕሙማንን የማክምና በሕሙማን መኝታ ክፍል (ዋርድ) ውስጥ ተማሪዎችን የማስተምር ሐኪም እንደመሆኔ ምሬቱ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። በሁለት ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር አልስማማም። ችግሩ የትምህርቱ ብዛት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው፤ ለስፔሻሊስት ይተው የተባለው ዕውቀትም በእኛ አካባቢ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው ለጀማሪው ሐኪም ነው።

በተለመደው አካሄድ ተማሪው ስለ እጅና እግር ሲማር የዳር ነርቮችን ያያል፤ ከአንገት ተነስቶ ወደ ክንድ የሚወርደውን ብሬኪያል ፕሌክሰስ የተባለ የነርቮች መረብ ደጋግሞ በወረቀት ይስላል፤ ከፈተናው በኋላም ይረሳዋል። ወራት ቆይቶ የራስ ቅል ሲከፈት አንጎል ይመጣል። ያኔ 12ቱ ጥንድ የራስ ቅል ነርቮች በግጥም ይሸመደዳሉ፤ 31ዱ ጥንድ የኅብለ ሰረሰር ነርቮች ደግሞ 8 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ 5 የሳክረም (ከወገብ በታች ያለው አጥንት)፣ 1 የጭራ አጥንት ተብለው ይቆጠራሉ። የትንሿ ጣት ቆዳና የአንጎል ቅርፊት በአንድ መንገድ የተያያዙ መሆናቸውን አጥብቆ የሚጠይቀው ስለሌለ፣ ተማሪው ሁለቱን በሁለት የተለያዩ ደብተሮች እንደያዘ ወደ ዋርድ ይገባል። የነርቮቹ ስም ሁሉ አፉ ላይ ነው፤ ጣቱን የት ላይ ማሳረፍ እንዳለበት ግን አያውቅም።

እኔ የምለው ትምህርቱ በጣት ከሚዳሰሰው ይጀመር ነው። ክርንን በመጠኑ አጥፎ በውስጥ በኩል ከሚወጣው አጥንት ጀርባ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ በጣት ጫፍ ቢዳስሱት፣ እንደ ክራር ክር ከጣት ሥር የምትንሸራተት ነገር ትገኛለች። አልናር ነርቭ ይህች ናት። ጫን ሲሏት ንዝረቱ ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ግማሽ ይወርዳል፤ ተማሪውም የነርቩን የስሜት ክልል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ እጅ ይማራል። ከጉልበት በታች በእግሩ የውጭ ጎን ፊቡላ የተባለው ቀጭን አጥንት አንገት ላይ ፔሮኒያል ነርቭ ተጠምጥሞ ያልፋል። ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ በመጀመሪያ የደም ሥሩ ትርታ፣ ወዲያው ከትርታው ኋላ ደግሞ ቲቢያል ነርቭ ይገኛል። ራስን ወደ አንድ ጎን ዞር ሲያደርጉም በአንገት ጎን በሚወጠረው ጡንቻ ላይ ወደ ጆሮ የሚወጣ ሌላ ነርቭ አለ፤ በጤናማ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ በበሽታ ሲያብጥ ግን ከሩቅ ይለያል። ይህን ሁሉ ለመማር ካዳቨር የሚባለው የመማሪያ አስከሬንም፣ ፎርማሊንም፣ ኤሌክትሪክም አያስፈልግም፤ ሁለት ተማሪዎች አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊጨርሱት ይችላሉ።

ከሁሉም ነርቮች እነዚህን የመረጥኳቸው ለመዳሰስ ስለሚመቹ ብቻ አይደለም። የሥጋ ደዌ የሚያጠቃቸው በዋናነት እነዚሁ ናቸው። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሀንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባክቴሪያ ከሰውነት መሃል ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ነርቭ ወደ ቆዳ ቀርቦ በሚያልፍበት ሥፍራ፣ ማለትም በክርን፣ በጉልበት ሥር፣ በቁርጭምጭሚትና በፊት ላይ ነርቩን በሚሸፍኑት ሴሎች ውስጥ ይሰፍራል። አልናር ሲጎዳ ሁለቱ የዳር ጣቶች ይቆለመማሉ፤ ፔሮኒያል ሲጎዳ እግር ተዝለፍልፎ ጣቶቹ መሬት ይጎትታሉ፤ ቲቢያል ሲጎዳ ውስጥ እግር ይደነዝዛል፤ ወደ ዐይን ቆብ የሚሄደው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ ሲጎዳ ደግሞ ዐይን አልከደን ይላል። አንድ ተማሪ ይህን በሽታ በሚገባ ቢያጠና የዳር ነርቮችን አናቶሚ ግማሹን ሳይሸመድድ አወቀው ማለት ነው።

ይህን ለመማር ደግሞ ከእኛ የተሻለ ቦታ ማን አለው? ከሐረር በስተምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ቢሲዲሞ ስሙ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተያይዞ የኖረ ሥፍራ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ሥራውን የጀመረው ለዚሁ ለቢሲዲሞ ርዳታ በማሰባሰብ ነበር። አዲስ አበባም በበኩሏ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን አለርት የተባለ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ቀጥሎም በሀንሰን ስም የተሰየመውን የምርምር ተቋም ይዛለች። ሀገራችን በዚህ በሽታ ዙሪያ ያካበተችው ዕውቀት የሌላው ዓለም ሐኪሞች መጥተው የሚማሩት ሆኖ ሳለ፣ የራሳችን ተማሪ ነርቭን ከውጭ መጽሐፍ ሥዕል ብቻ አውቆ ይመረቃል፤ ነገሩ ሁሌም ያስገርመኛል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ፤ የጤና ተቋሙን ስም መግለጽ ለጉዳዩ አይጠቅምም። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ አርሶ አደር ከአውራ ጣታቸው ሥር በውስጥ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ይዘው ወደ እኛ ተልከው መጡ። ቁስሉ ለወራት እየታጠበ በፋሻ ሲታሰር፣ አንቲባዮቲክም ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ የደም ስኳራቸው ተለክቶ ደህና ነው ተብሏል። በኮንጎ ጫማቸው ውስጥ ተሰንቅራ የኖረችውን ጠጠር ያገኘናት እኛ ነን፤ እሳቸው ጨርሶ አልተሰማቸውም ነበር። አብሮኝ የነበረው ተማሪ የቲቢያል ነርቭን ቅርንጫፎች ጠየቅኩት፤ አንድም ሳይቀር ቆጠረልኝ። «እሺ፣ በእሳቸው እግር ላይ የት ጋ ነው?» ስለው ግን ዝም አለ። እጁን ይዤ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ሳስቀምጠው ነርቩ ጠንክሮና ወፍሮ ተገኘ፤ አባትየውም እግራቸውን ሸሸት አደረጉ። ከዚያ በኋላ ጀርባቸው ሲታይ የደበዘዘና ስሜት የሌለው ምልክት ነበረበት። በሽታው የሥጋ ደዌ ነበር፤ ምርመራው ያለቀው እዚያው አልጋ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያከሟቸው ባለሙያዎች ስንፍና አልነበረባቸውም፤ ከፋሻው አራት ጣት ከፍ ብለው እንዲዳስሱ ያስተማራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

መዘግየቱ ደግሞ ዋጋ አለው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ምክር የሚሰጠው የመድኃኒት ጥምረት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተን ነርቭ ግን አያስነሳም። ጉዳቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ከታወቀ ፕሬድኒሶሎን በተባለው የነርቭ እብጠትን በሚቀንስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ስሜትም ጉልበትም ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ይህንን ጊዜ የሚያድነው መሣሪያ የእስክሪብቶ ጫፍ ነው፤ በሽተኛው ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉና ውስጥ እግሩ የተወሰኑ ነጥቦች ላይ ቀስ ተደርጎ ሲነካ ቦታውን በጣቱ ያሳያል። የትኞቹ ነጥቦች ለምን እንደተመረጡ የሚያስረዳው አናቶሚው ነው።

ስለ መርፌ አጭር ነገር ልበል። ከሰውነት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሳያቲክ ነርቭ በመቀመጫ ውስጥ አልፎ ወደ ጭን ይወርዳል፤ መርፌ ወደ ላይኛው የውጭ ሩብ የሚወጋው ለዚህ ነው። ቀጭን ሕፃን ላይ ቦታው ጥቂት ሲሳሳት በማግስቱ እግሩን የሚጎትት ልጅ ይመጣል። ይህን ያላየ ሐኪም በሀገራችን ጥቂት ይመስለኛል። «ለስፔሻሊስት ይተው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ መሠረት ያጣል፤ መርፌውን የሚወጋው ስፔሻሊስቱ አይደለምና።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳይ ከዚህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጽንሱ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ኅብለ ሰረሰሩና የአከርካሪው ቦይ እኩል ርዝመት አላቸው፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱ በፍጥነት ሲያድግ ኅብለ ሰረሰሩ ወደኋላ ይቀራል። በመሆኑም ኅብለ ሰረሰር በተወለደ ሕፃን ላይ ሦስተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ፣ በአዋቂ ላይ ደግሞ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠለ የነርቭ ሥር ነው። የማጅራት ገትር የተጠረጠረበት በሽተኛ የጀርባ ፈሳሽ ሲወሰድለት ሐኪሙ የሁለቱን የዳሌ አጥንቶች ጫፍ በሐሳብ መስመር አገናኝቶ አራተኛውን የወገብ አጥንት የሚፈልገው፣ መርፌውንም እዚያው አካባቢ የሚያስገባው በዚህ ምክንያት ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ የምትገኝ ሀገር ስለሆነች ይህ የዘወትር ሥራ ነው።

የዚሁ የርዝመት ልዩነት ሌላ ውጤት ግን ከፈተና ውጭ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ሰው ከእምብርቱ በታች ደንዝዞ፣ እግሮቹም ዝለው ይመጣል። እምብርት የአሥረኛው የደረት ነርቭ ክልል ነው፤ ተማሪውም አሥረኛውን የደረት አጥንትና ከዚያ በታች ያለውን ብቻ ራጅ ያዝዛል። ይሁን እንጂ አሥረኛው የደረት ነርቭ ከኅብለ ሰረሰር የሚነሳበት ክፍል የሚገኘው በስምንተኛው የደረት አጥንት ትይዩ ነው፤ የተጎዳው አጥንት ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ወይም ከዚያም ከፍ ብሎ ነው። ተማሪው ፊልሙን አይቶ «ምንም የለም» ይላል፤ በሽታውም ሥራውን ይቀጥላል። ኤም አር አይ እንደልብ በማይገኝበት፣ ቢገኝም ዋጋው ለገጠር ቤተሰብ ከባድ በሆነበት ሁኔታ፣ ሁለት አጥንት ወደ ላይ መቁጠርን ማወቅ አንድን ሰው በእግሩ ያስኬዳል።

ጸሐፊው በተለይ የጽንስ እድገት ትምህርትን «ጊዜ ማባከን» ማለቱ አልተዋጠልኝም። የነርቭ ቱቦው ከፅንሰት በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ይዘጋል፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና በእርግጠኝነት ሳያውቁ ማለት ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ሲሆን፣ ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የሚወለዱ ሕፃናት በሀገራችን ጥቂት ባለመሆናቸው ይህን ምክር በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ባለሙያ ምክንያቱን ቢያውቀው ይበጃል።

በሌላ በኩል የሚቀነስ ነገር አለ መባሉን አልቃወምም። ታላመስ በተባለው የአንጎል መሃል ክፍል ያሉትን የነርቭ ሴል ስብስቦች አንድ በአንድ መቁጠርና የኋለኛውን ትንሽ አንጎል (የሴሬቤለምን) እጥፋቶች ስም መሸምደድ ለስፔሻሊስት ቢተው ቅር አይለኝም። ከአንጎል ቅርፊት የሚወርዱት የእንቅስቃሴ ነርቭ ጭረቶች ተሰብስበው የሚያልፉበት የውስጠኛው ካፕሱል ግን ይቆይ፤ በደም ግፊት ምክንያት እዚያች ጠባብ መተላለፊያ ላይ የምትፈነዳ ትንሽ የደም ሥር ፊትን፣ እጅንና እግርን በተቃራኒው ጎን በአንድ ጊዜ ሽባ የምታደርግበትን ምክንያት ያላወቀ ሐኪም ስትሮክን በግምት ነው የሚያክመው።

የኮምፒውተሩ ምስል ይጠቅማል፤ በአንድ ካዳቨር ዙሪያ ብዙ ተማሪ ተደራርቦ ሲቆም ከኋላ ያለው ከሚያየው የሰው ትከሻ ይሻለዋል። ነገር ግን ምስሉ የአንጎልን ክብደትና ልስላሴ፣ የሽፋኖቹንም ጥንካሬ አያስተምርም። ለዚህ ከቄራ የሚመጣ የበግ ወይም የበሬ አንጎል በቂ ነው፤ የሐረርና የድሬዳዋ ሥጋ ቤቶች ባሉበት የግመልም ቢሆን አይጠፋም። በግ ላይ የማሽተቻው ክፍል ከሰው ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ ሽፋኖቹን፣ የፈሳሹን ክፍሎችና የዐይን ነርቮችን መተላለፊያ ለማሳየት ግን የሚከለክል ነገር የለም።

ስለዚህ የምሥራቁን የሀገራችንን ክፍል የሕክምና ትምህርት ለሚመሩ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የነርቭ ትምህርት የመጀመሪያው ሳምንት በሕያው ሰው አካል ላይ በመዳሰስ ይጀመር፤ ለዚህም በተግባር ፈተናው ላይ ራሱን የቻለ ነጥብ ይያዝለት፤ ነጥብ የሌለው ነገር እንደማይጠና ሁላችንም ተማሪ ስለነበርን እናውቀዋለን። ተማሪዎች ክሊኒካል ዓመት እስኪደርሱ ሳይጠበቅ፣ ሕሙማኑ ከፈቀዱና ክብራቸው ከተጠበቀ፣ ለረጅም ጊዜ የሥጋ ደዌ ሕክምና ልምድ ወዳላቸው ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶች ሄደው ነርቭ መዳሰስን ከእነሱ ይማሩ። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ልምድ ያካበተ ነርስ ከብዙዎቻችን ሐኪሞች የተሻለ እጅ አለው። እነዚህ ባለሙያዎች ደግሞ ጡረታ እየወጡ ስለሆነ ጉዳዩ ለሚቀጥለው የሥርዓተ ትምህርት ክለሳ ይቆይ ቢባል የሚያስተምር ላይገኝ ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ ሐኪም፣ ከሐረር