ሰሚ ስላጣው የካናዳ አልበም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ ልጆች የሆኑት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን ጁኒየር ቦይስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ሶ ዚስ ኢዝ ጉድባይ» የተሰኘ አልበም፣ በማግስቱ ዓመት ለካናዳው የፖላሪስ የሙዚቃ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ የነበረ ቢሆንም፣ የሚገባውን ያህል አድማጭ አላገኘም። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከወዳጆቼ ጋር ስንሰማው ሐሳባችን ተለያይቷል፤ ገሚሱ «ምቱ አይሞቅም» ይላል። ለእኔ ግን ውበቱ እዚያው ነው። የቡድኑ ድምፃዊ ጄረሚ ግሪንስፓን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ በሹክሹክታ ያህል ያዜማል። በተለይ አሜሪካዊው ድምፃዊ ፍራንክ ሲናትራ እ.ኤ.አ. በ1959 በኦርኬስትራ ታጅቦ የተጫወተውን «ዌን ኖ ዋን ኬርስ» የተሰኘ ዘፈን፣ አጀቡን ትተው በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚፈጥር መሣሪያ) ሲያቀርቡት ብቸኝነቱ ይበልጥ ይሰማል። የሙዚቃ ዓምዳችሁ ለእንዲህ ዓይነት ሥራዎችም ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ