ጉልበትህን ተመልከት

ለውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከዶርም ጓሮ ሆነህ የቀረጽኸውን የካራቴ ልምምድ እናትህ ከተኛች በኋላ ብቻዬን ደጋግሜ አየሁት። እርሷ ፍጥነትህን አድንቃለች፤ የእኔ ዓይን ግን ከፊተኛው ጉልበትህ ላይ አልነሣ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፍልህ።

በዜንኩትሱ ዳቺ፣ ማለትም የፊተኛው ጉልበት ታጥፎ የኋለኛው እግር በሚዘረጋበት አቋቋም፣ ቆመህ ቡጢ በሰነዘርህ ቁጥር የፊተኛው ጉልበትህ ከእግር ጣቶችህ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ መሐል ይወድቃል፤ የኋለኛው ተረከዝህም ከመሬት ይነሣል። ቡጢ ከክንድ የሚመጣ ይመስልሃል፤ ነገር ግን ተረከዙ መሬቱን ሲገፋ የሚነሣው ኃይል በዳሌና በወገብ አልፎ፣ ትከሻን ሳያነሣ፣ ጎድንን ታክኮ በሚወጣው ክርን በኩል ነው እጅ ላይ የሚደርሰው፤ በመንገዱ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ከተዛባ እዚያው ባክኖ ይቀራል። ቋንቋችን መገጣጠሚያውንም ብርታቱንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ በከንቱ አይመስለኝም።

ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። በወጣትነቴ በቀበሌ አዳራሽ የሲሚንቶ ወለል ላይ ስንሠራ የሚቆጠረው የቡጢው ብዛት ነበር፤ እንዴት እንደቆምሁ ልብ ያለ ሰው አልነበረም፣ እኔ ራሴም ጭምር። ዛሬ ደረጃ ስወርድ መደገፊያ የምይዘው፣ አንተም «አባዬ አረጀ» እያልህ የምትቀልድብኝ በዚያ ምክንያት ነው።

ሾቶካን የተባለው የካራቴ ስልት መሥራች ጊቺን ፉናኮሺ እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ ይዞት የሄደው አቋቋም አሁን ከምትማረው አጠር፣ ከፍም ያለ ነበር፤ ረዘምና ዝቅ ያለውን በማምጣት በይበልጥ የሚታወቀው ልጁ ዮሺታካ ነው። ልጅ ከአባቱ ዝቅ ብሎ መቆሙን አልቃወምም፤ ዝቅ ባልህ ቁጥር ግን የጉልበትህ ስሕተት ዋጋው ይወደዳል። ደግሞም አባትዬው «ቴኪ» የተባሉትን ሦስት ካታዎች (ቅደም ተከተላቸው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምዶች) ለመማር አሥር ዓመት እንደፈጀበት ጽፏል፤ አንተ በአንድ ሴሚስተር ስድስት ካታ መጨረስህን በደስታ ነግረኸኛል።

እስኪ ይህን ሞክር። ቡጢህን ዘርግተህ ግድግዳ ላይ አሳርፍና በኋለኛው እግርህ ቀስ እያልህ ግፋ፤ ሳትመታ መግፋት ብቻ ነው። ትከሻህ ወደ ጆሮህ ቢወጣ፣ ወገብህ ቢጎብጥ ወይም ተረከዝህ ቢነሣ ኃይሉ የሚያመልጥበትን ቦታ አገኘኸው ማለት ነው። እርሱን አስተካክለህ ዓይንህን ጨፍን፤ መስተዋት ለማረጋገጫ እንጂ ለመማሪያ አይሆንም፣ በልምምድ ከሚገጥምህ ጓደኛህ ፊት ስትቆም ልታይበት አትችልምና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትክክለኛው አቋም ጠማማ ሆኖ ይሰማሃል፤ ሰውነት የለመደውን ስሕተት ቀጥ ያለ አድርጎ ስለሚቆጥር ይህ እንዳያስደነግጥህ። እንዲሁ እያደረግህ ቆይተህ አንድ ቀን ጓደኛህ ሳታስበው ደረትህን ሲገፋህ ጉልበትህ ሳይታዘዝ በጣቶችህ አቅጣጫ ከተቀመጠ፣ ያን ጊዜ ፍጥነቱን መልሰህ ጨምር።

ለሚቀጥለው ስትቀርጽ ስልኩን ከፊትህ ሳይሆን ከኋላህ አቁመው፤ ቁምጣም ልበስ፤ ተረከዝህንና ጉልበትህን ማየት እፈልጋለሁ።

አባትህ