ስለ አባታችን የኮሪያ ሜዳሊያ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣
ጅማ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ውጊያው ካበቃ በኋላ ለሄደ ሰው የምን ሜዳሊያ ነው?» የሚለው የጎረቤታችን ንግግር እንዳስከፋዎት በስልክ ከድምፅዎ ስለተረዳሁ፣ ነገሩን በጽሑፍ ላስረዳዎት ወደድሁ፤ ቡና ላይ ዳግመኛ ቢነሣ ወረቀቱን ማስነበብ ይቀልዎታልና።

የአባታችን ሜዳሊያ የጀብዱ ሳይሆን የዘመቻ ሜዳሊያ ነው። ያቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ጊዜውም ታኅሣሥ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። መስፈርቱ ወታደሩ ስንት ምሽግ እንደሰበረ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከሰኔ 20 ቀን 1942 እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1946 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በመንግሥታቱ ዕዝ ሥር በኮሪያ ቢያንስ 30 ቀን ማገልገሉን ነው። የተኩስ አቁም ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ስለሆነ፣ መስፈርቱ ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ዓመት ጨምሯል ማለት ነው። ይህም ተገቢ ይመስለኛል፤ የተፈረመው ተኩስ ማቆሚያ እንጂ የሰላም ውል አልነበረምና፣ ያን ጊዜ መስመሩን ይጠብቅ የነበረ ወታደር ውጊያው ነገ እንደማይቀጥል ማን ዋስ ሊሆነው ይችል ነበር? አባታችን የዘመቱትም በዚያው ዓመት ውስጥ ነው፤ የስንብት ወረቀታቸው ላይ ቀኑ ተጽፏል።

በ1943 ዓ.ም. ቀድሞ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ መዋጋቱን፣ ከዘማቾቻችንም ከ120 በላይ የሚሆኑት በኮሪያ መውደቃቸውን ጎረቤታችን ሊያነሡብዎት ይችላሉ። እውነት ነው፤ አባታችንም ራሳቸውን ከእነዚያ ጋር አስተካክለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሆኖም ይህ ሜዳሊያ የጦር አዛዡንም ተራ ወታደሩንም በአንድ ዓይነት ነሐስ የሚያስታውስ ነው፤ ለልዩ ጀግንነት የሚሰጠው ሌላ ነው።

መልኩንም በደንብ ይዩት። ክቡ ነሐስ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ፊቱ ላይ በወይራ ዝንጣፊ የታቀፈው የመንግሥታቱ የዓለም ካርታ አለ። በጀርባው የመንግሥታቱን ቻርተር መርሆች ለመጠበቅ ለተሰጠ አገልግሎት መሆኑ በአማርኛ ተቀርጿል፤ ለየአገሩ ዘማች በየቋንቋው ነበር የተዘጋጀው። ከላይ የኮሪያ ስም ያለበት ዘንግ፣ ከዚያም 9 ሰማያዊና 8 ነጭ መስመሮች የሚፈራረቁበት ጥብጣብ አለ። በእኛው ላይ ሰማያዊው በአንድ ወገን ደብዝዟል፤ ከጥብጣቡ ጀርባ ያለው መርፌም ዝጎ ጨርቁን ቡናማ አድርጎታል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ እህቴ በሎሚና በአመድ ልትፈትገው እንዳሰበች ሰምቻለሁና እባክዎ ይከልክሏት። ጽሑፉ ይፋቃል። የጅማ እርጥበት ያመጣበትን አረንጓዴ ነገር በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ታብሰው። ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥም አይመልሱት፤ በርጩማ ከሚሠሩት ጠራቢዎች ለአንዱ ክዳኑ መስታወት የሆነ ትንሽ ሣጥን ያዝዙልኝ፤ ሒሳቡን እኔ እልካለሁ። ሣጥኑ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ የስንብት ወረቀቱን ግን ለብቻው ያስቀምጡልኝ፣ ለፋሲካ ስመጣ ኮፒ አስደርገዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ