ያቺ የሆሎን ካሜራ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ፖሊስ ካሜራ ይያዝ ሲባል ትዝ የምትለኝ ያቺ የሆሎን ካሜራ ናት። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ ሆሎን በምትባል ከተማ አንድ ቤተ እስራኤል ወታደር፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ በፖሊስ ተደበደበ። የታሰረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ ፖሊስ ላይ እጁን አነሳ ተብሎ! ቀረጻው ሲወጣ ነገሩ ተገለበጠ። ልጁ ነፃ ሆነ፣ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁም ልጁን ጠርተው አነጋገሩት። ፖሊሱ ግን አልተከሰሰም።

ካሜራዋ ፖሊሱ ደረት ላይ የተሰካች አልነበረችም። የደረት ካሜራን እደግፋለሁ። ግን ማጥፊያውን የሚጫነውም፣ ቀረጻውን የሚያስቀምጠውም ያው ፖሊስ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ቀረጻው በቶሎ ለተበዳዩ ጠበቃ ይሰጥ።

አንባቢያችሁ