የሞዴል አውሮፕላን ክበብ፦ አንድ ዓመት ከቦይንግ 787 ጋር

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ዝቬዝዳ የተባለውን የሩሲያ ሞዴል አምራች 1፡144 (ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያነሰ) ቦይንግ 787-8 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲረከብ ከአፍሪካ የቀደመው አልነበረም። የእውነተኛው ርዝመት 56.7 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 60.1 ሜትር ነው፤ ለ144 ሲካፈል 39.4 እና 41.7 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሒሳቡን የ7ኛ ክፍሎች ሠርተውታል፤ መደርደሪያውን መለካት ግን ማንም ትዝ አላለውም።

ክፍሎቹን ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማቀፊያ በእጅ መገንጠል ክልክል ነው፤ ፕላስቲኩ ይቦጨቃል። በከተር ትንሽ አስተርፎ መቁረጥ፣ ቀሪውን በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ይሻላል። ለአካሉና ለክንፉ ፕላስቲኩን አሟሙቶ የሚያያይዘው የሞዴል ሙጫ፣ ለአብራሪዎቹ መስኮት ግን ነጭ ኮላ። ሱፐር ግሉ ትነቱ መስታወቱን ያደበዝዘዋል፤ አንዱን ሞዴላችንን ዓይነ ስውር ያደረገው ይኸው ነው።

ብዙ ያስቸገረን ክብደቱ ነው። አውሮፕላኑ በሦስት እግር ይቁም እንጂ አፍንጫው ባዶ ስለሆነ በጅራቱ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ የአካል ግማሾች ከመዘጋታቸው በፊት አፍንጫው ውስጥ ዳዶና የእርሳስ ብረት በኢፖክሲ መጣበቅ አለበት። ስንት ይበቃል? ግማሾቹን፣ ክንፉንና ጅራቱን በወረቀት ፕላስተር ለጊዜው አያይዞ፣ የኋላ እግሮቹ በሚገቡበት ቦታ ላይ በእርሳስ ብዕር ማስደገፍ ነው። አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ደህና፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዳዶ መጨመር ይገባል። ስቱኮው፣ ቀለሙና ዲካሉ (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፈው ሥዕል) ከኋላ ይከብዳሉና። ከተዘጋ በኋላ መክፈት የለም።

ቀለሙን በተመለከተ ከመኪና ቀለም ቤት የተገዛ ስፕሬይ በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተረጨ ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በስሱ፣ እየደረቀ ሦስት አራት ጊዜ መርጨት ነው። ዝናብ ባለበት ቀን ሲረጭ ደግሞ እርጥበቱ ቀለሙን እንደ ጭጋግ ያነጣዋል፤ በግንቦት መጨረሻ የረጨነውን በ1000 ቁጥር ጠርገን እንደገና ጀመርን።

የጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በብሩሽ ከመቀባት በዲካል ወረቀት ማተም ይቀላል። ማተሚያው ነጭ ቀለም ስለሌለው ከሥሩ ያለው ጅራት ፍጹም ነጭ መሆን አለበት፤ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ግራጫ ፕራይመር ከታየ ቢጫው ሰናፍጭ ይመስላል። የታተመው ወረቀት በግልጽ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ካልተሸፈነ ቀለሙ ውሃ ውስጥ ይፈስሳል። መጀመሪያ ያተምናቸው ሁለቱ የጅራት ሥዕሎች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በግራ በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው መስመር በቀኝ በኩል ወደ ፊት ሄደ። ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታይ መገልበጥ አለበት፣ «የኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ግን አይገለበጥም። ሁለቱንም በአንድ ላይ ገልብጦ ያተመም ነበር።

ዲካሉ ለብ ባለ ውሃ 30 ሴኮንድ ገደማ ይቆይና፣ በወረንጦ ተይዞ ከወረቀቱ ላይ በማንሸራተት ይለጠፋል። ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ አንጸባራቂ ካልሆነ አየር ከሥሩ ይቀርና የብር ቀለም ያለው ነጠብጣብ ይወጣል።

ከሦስቱ ሞዴሎች ሁለቱ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ ናቸው። ሦስተኛው አንድ ዳዶ ጎድሎት በአፍንጫው ሥር ማጥፊያ ላጲስ ተደግፎ… ይቅርታ፣ በጅራቱ ሥር ነው የተደገፈው።